ከሆቴሉ አዳራሽ እስከ ጀፎረው

እናንተ ለመስቀል የት ነው የምትሄዱት? እኛ ቤት ይህ ጥያቄ አይጠየቅም። አባቴ መርካቶ ውስጥ አርባ ዓመት ነግዷል፤ አማርኛው እንኳ የመርካቶ ነው። መስከረም ከጠባ ግን ልቡ አዲስ አበባ ውስጥ የለም። ቅቤው፣ የሰንጋው መዋጮ፣ የእህቶቹ ስጦታ፣ የመኪናው ጎማ፣ ሁሉም ነገር ከመስከረም 17 ተነሥቶ ወደ ኋላ ይቆጠራል። እኔ ልጅ ሳለሁ እያለቀስኩ ነበር የምሄደው። ካገባሁና ከወለድኩ በኋላ ደግሞ ማንም ሳያስገድደኝ ልጄን አቅፌ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ።

የ2014 መስቀልም እንዲሁ ሄድን። እስከ ወልቂጤ ያለው ወደ 155 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አስፋልት ነው። ከዚያ ወዲያ ኮረኮንች ይቀጥላል፤ መጨረሻ ላይ መኪናውን አቁመን በእግር እንገባለን። የአክስቴ ቤት ያለው ጀፎረው ዳር ነው። ጀፎረ ለማታውቁ፣ በጉራጌ መንደር ውስጥ ፊት ለፊት በተሠሩ ቤቶች መካከል የሚያልፍ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ የጋራ መንገድ ነው። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ ስብሰባውም፣ የልጆች ጨዋታውም እዚያ ነው። ይህን ቦታ አስታውሱልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የአክስቴ ልጅ ያን ዓመት የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈትና ከትምህርት ቤቷ ሁለተኛ ወጥታ ነበር። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቡና እያፈላች «ዘጠነኛ ተመዘገብሽ?» አልኳት። ጀበናውን እያየች ዝም አለች። የመለሰችልኝ አክስቴ ናት፤ «የት ትመዝገብ?» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስከ ስምንተኛ ድረስ ያለው ትምህርት ቤት መንደሩ አጠገብ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ያለው ከተማ ውስጥ ሲሆን በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ መሄጃው ብቻ። ክረምት ላይ ደግሞ ወንዙ ይሞላል። ስለዚህ ዘጠነኛ የሚገቡ ልጆች ሦስት አራት ሆነው ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ይከራያሉ። እሑድ እሑድ ቆጮና ጎመን ተሸክመው ይሄዳሉ፣ ዓርብ ማታ ይመለሳሉ። አክስቴ ያን ክፍል ሄዳ አይታዋለች። «ወንድ ቢሆን አንድ ነገር ነው» አለችኝ። «በሩ ቆርቆሮ ነው፤ በሚስማር ነው የሚዘጋው። ሴት ልጄን በር በሌለው ቤት አላሳድርም።»

ያን ጊዜ ያደረግኩትን ብነግራችሁ ያሳፍረኛል። ስለ ሴቶች ትምህርት ንግግር አደረግኩላት። መሥሪያ ቤታችን ለማርች 8 ባነር ሲያሠራ የምጽፈውን ዓይነት ንግግር። አክስቴ እጇ ላይ የቀረ ቆጮ እየጠረገች እስክጨርስ ጠበቀችኝና «ብዪ ብዪ፣ ብዪ» አለችኝ።

«አዲስ አበባ አምጥታችሁ እናንተ ጋ አታስተምሯትም?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። አክስቴ ጎረቤቶቿን ቤት በቤት እየጠቆመች ቆጠረችልኝ። «የዚህኛው ቤት ልጅ ለትምህርት ብላ ሄዳ የአጎቷን ልጆች ስታሳድግ ቀረች። የዚያኛውም እንዲሁ። እናንተ ቤት ሕፃን አለ አይደል?» ልጄ ያኔ አራት ዓመቷ ነው። ሞግዚታችን ከወጣች ሁለት ሳምንት ሆኖናል። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝና ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። አክስቴ ትክክል ነበረች ማለቴ አይደለም፤ ትክክል እንዳልሆነች ግን መማል አልቻልኩም።

ስንመለስ ባለቤቴ እየነዳ፣ እኔ በስልኬ ሒሳብ ሠራሁ። ለልጃችን ኬጂ በአንድ ተርም የምንከፍለው የእነዚያን አራት ልጆች የቤት ኪራይ ለአንድ ዓመት ሸፍኖ ይተርፋል።

ታኅሣሥ ላይ አባቴ «እሑድ ስብሰባ አለ፤ ነይ፣ አንቺ ማርኬቲንግ ተምረሻል» ብሎ ጠራኝ። የአካባቢው ተወላጆች ኮሚቴ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመሥራት አስበዋል። የሚሰበሰቡት መርካቶ አንድ የጨርቃ ጨርቅ መጋዘን ውስጥ፣ ጣቃ ላይ ተቀምጠው ነው። አሥራ አንድ ወንዶች፣ ሁሉም ከሃምሳ በላይ። እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ ፓወር ፖይንት አቀረብኩ። ሎጎ ነበረው፣ መሪ ቃል ነበረው፣ «የለጋሾች ፒራሚድ» የሚባል ሦስት ማዕዘንም ነበረው። በጽሞና አዩልኝ። ሊቀመንበሩ በመጨረሻ መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ማን ስንት እንደ ሰጠ የሚጻፈው የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

ሳቄ መጣ። እነዚህ ሰዎች ግን ይህን ሥራ ከእኔ በፊት ያውቁታል። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የነበሩ ጉራጌዎች፣ ከሊስትሮው እስከ ነጋዴው፣ ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው ነበር። የዛሬው የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት የዚያ ሥራ ወራሽ ነው። አባቴ ስለዚያ ዘመን ሲያወራ መንገዱን «መንገዳችን» ነው የሚለው፤ «መንግሥት የሠራው» ሲል ሰምቼው አላውቅም። እኔ በቢዝነስ ዲግሪዬ ውስጥ ስለ ብራንድ ባለቤትነት ስሜት ሙሉ ኮርስ ወስጃለሁ፤ ይህ ምሳሌ ግን አንድም ቦታ አልነበረም።

እኔ ያኔ በምሳሌነት የያዝኩት ካርል ሃይንዝ በምን ነበር። ታሪኩን ታውቁት ይሆናል። የሲሲ ፊልሞች ተዋናይ የነበረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1981 በአንድ የጀርመንኛ የቴሌቪዥን መዝናኛ ፕሮግራም ላይ ቀርቦ ተወራረደ። «ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ በረሃብ ለሚሠቃዩ የአፍሪካ ሰዎች አንዲት ማርክ አይሰጥም» አለ። ሲሶው ባይሰጥም ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበና ገንዘቡን ይዞ ኢትዮጵያ መጣ። «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅትን አቋቋመ፣ ትምህርት ቤቶችንም ሠራ፤ በኋላ የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ተሰጠው። እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት «መድረክ» የሚለውን ብቻ ነበር። አንድ ምሽት፣ አንድ መድረክ፣ ብዙ ካሜራ። ሰውዬው ከምሽቱ በኋላ አሥርት ዓመታት ሙሉ እዚህ መመላለሱን ዘለልኩት።

ስለዚህ የገቢ ማሰባሰቢያ እራት አዘጋጀን። ግንቦት 2015፣ አዲስ አበባ፣ አንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ። መድረክ መሪ፣ ድምፃዊ፣ ጨረታ። ያው እንደምታውቁት ነው፤ አንድ ሥዕል ወይም አንድ ሙክት መድረክ ላይ ይወጣና ሰዎች ዋጋ እየተቀባበሉ ያንሩታል፣ ገዢውም መልሶ «ለትምህርት ቤቱ ሰጥቻለሁ» ይልና እንደገና ይሸጣል። ያ ሙክት በዚያች ሌሊት ሦስት ጊዜ ተሸጧል። ቃል የተገባው ገንዘብ ተደምሮ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ 4.8 ሚሊዮን ብር ሆነ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እኔ አለቀስኩ። አለቃዬ ተገኝቶ ስለነበር በማግሥቱ ቢሮ ውስጥ አስጨበጨበልኝ።

በዓመቱ ባንክ የገባው 1.9 ሚሊዮን ነው። አዳራሹ፣ ምግቡ፣ ድምፃዊው፣ ማስታወቂያው 520 ሺህ በልቷል። ቀሪውን እናንተ ደምሩት። «ቃል የገባ ሁሉ ዋሾ ነው» አልልም። አንዳንዱ ነገደና ከሰረ፣ አንዳንዱ የሞቅታ ቃል ነበር፣ አንዳንዱ ደግሞ ስንደውልለት «እናንተ ደግሞ እንደ አበዳሪ!» ብሎ ተቆጣ። ስድስት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ስልክ እየደወልኩ ገንዘብ ስጠይቅ ነው የከረምኩት። የሚያፍር ሰው ስልክ አያነሣም፤ ስልክ የማያነሣ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ አይመጣም። ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም ታጡታላችሁ።

ከገንዘቡ የሚብስ ነገር ግን አለ፤ እሱን ልንገራችሁ።

ለእራቱ ፎቶ ያስፈልገን ነበር። መጋቢት ላይ መንደሩ ሄጄ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ወንዙ ዳር ጠበቅኳቸው። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ በባዶ እግሯ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ወንዙን ስትሻገር አነሣኋት። ፊቷ ላይ የከሰዓት ፀሐይ አለ። ከምሬ ነው የምላችሁ፣ ያን የመሰለ ፎቶ በሕይወቴ አንሥቼ አላውቅም። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር አሳትመን ከመድረኩ ጀርባ ሰቀልነው። «ባዶ እግሯን ለምን ያህል ጊዜ?» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ ጨመርኩበት። ቲክቶክና ቴሌግራም ላይም ለቀቅነው፤ ሰው ሁሉ ተቀባበለው።

ፎቶው ሲነሣ ልጅቷ በግራ እጇ ጥቁር የተማሪ ጫማዋን ይዛ ነበር። ውኃ እንዳይነካው አውልቃው ነው። እኔ ፎቶውን ሳስተካክል ያን እጅ ቆረጥኩት። ለምን ብትሉኝ፣ ጫማው «መልእክቱን ያደበዝዘዋል» ብዬ። በትክክል እነዚህን ቃላት ነው ለዲዛይነሩ የጻፍኩለት፤ መልእክቱ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ።

የልጅቷ ወንድም አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። ፎቶውን ያየው በደንበኛ ስልክ ላይ ነው። መንደሩም በሁለት ቀን ውስጥ አየው። ልጅቷን ክፍል ውስጥ «ባዶ እግር» እያሉ ጠሯት። ከትምህርት ቤት ሦስት ሳምንት ቀረች። ለትምህርት ቤት መሥሪያ ገንዘብ የሰበሰብኩባት ልጅ በእኔ ምክንያት ከትምህርት ገበታ ቀረች ማለት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ለመናገር ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

አባቷ ስልክ አልደወለም፣ አልከሰሰም። የጠበቀው መስቀልን ነው።

በ2016 መስቀል ማግሥት፣ ጀፎረው ላይ የመንደሩ ሰውና ከየከተማው የመጣው ተወላጅ ተሰበሰበ። ኮሚቴው የሒሳብ ሪፖርት አቀረበ። ጥያቄ ሲጀመር ሰውየው ተነሣ። ገበሬ ነው፤ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። «ጫማዋን እኔ ገዝቼላት ነበር» አለ። «ጫት ሸጬ ነው የገዛሁት። ለምን እንደሌላት አድርጋችሁ አሳያችሁ?» ማንም አልመለሰም። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። ተነሥቼ ያደረግኩትን፣ እጁን መቁረጤን ጭምር፣ ተናገርኩ። ከዚያ በኋላ ስለነበረው ነገር ብዙ አላስታውስም። ሽማግሌዎች ተነጋገሩ። እቤቱ ሄጄ ልጅቷንና እናቷን ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ፎቶውም ከያለበት እንዲነሣ ተባለ። ከያለበት ማንሣት አይቻልም። የእኛን አነሣን፤ ሌሎች ያጋሩት ዛሬም ይዞራል።

ሰውየው ከመቀመጡ በፊት ከካፖርቱ ኪስ ብር አወጣ። «ሁለት ሺህ ነው። ጻፉልኝ» አለ፤ ስሙንም ከነአባቱ ስም ተናገረ።

የሊቀመንበሩ «ማን ስንት እንደ ሰጠ የሚጻፈው የቱ ጋ ነው?» የሚለው ጥያቄ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጠረጴዛ ወጣ፤ ጠርዙ የተበላ ትልቅ መዝገብ ተዘረጋ። ገንዘብ ያዡ ይቆጥራል፣ ጸሐፊው ይጽፋል፣ ሦስተኛው ሰው ደረሰኝ ይቆርጣል፣ አንድ ድምፀ ጎርናና ሽማግሌ ስሙንና መጠኑን ጮክ ብሎ ያነባል። የሺህ ብር ሰጪና የመቶ ሺህ ብር ሰጪ በአንድ ድምፅ ነው የሚነበቡት። ያልሰጠ ሰው ስም አይነበብም፤ ግን ማን እንዳልተነበበ ሁሉም ያውቃል። ጭካኔ አለበት፤ አልክድም። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት «የለኝም» ለማለት እንዳትሸማቀቅ አንዱ ዘመዷ ቀድሞ በስሟ ሲያስመዘግብ አይቻለሁ፤ ለካ ሥርዓቱ ለዚያም መላ አለው። ሲመሽ ተቆጠረ፤ 2.7 ሚሊዮን ብር። ቃል ሳይሆን ብር። በማግሥቱ ወልቂጤ ባንክ ገባ። ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ነው። ወጪው፦ ለጠረጴዛው ምንም፣ ለመዝገቡ እስክሪብቶ ሁለት።

አስተውሉ፣ የከተማ ዝግጅት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ውጭ አገር ያሉትን ያገኘናቸው እዚያው እራት ላይ በነበሩ ሰዎች በኩል ነው። እነሱም በዙም ተሰብስበው 31 ሺህ ዶላር ቃል ገቡ። እዚህ ጋ ለምትሞክሩት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ወይም ሒሳብ በቀጥታ ገንዘብ አያስተላልፍም። እዚያ ያለ ሰው በስሙ መክፈትና ኃላፊነቱን መውሰድ አለበት። ስለዚህ እዚያም ከመተግበሪያው በፊት የሚታመን ሰው ማግኘት ግድ ነው።

ባለቤቴ ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ሲጠይቅ አይምርም። አንድ ማታ ልጃችን ከተኛች በኋላ «ሕንፃው ቢሠራስ?» አለኝ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። «እነዚያ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ግድግዳ ነበራቸው» አለኝ። ተናደድኩበት። አዳሬን ሳስበው ግን እውነቱን ነው። ጥያቄውን ለኮሚቴው ወሰድኩት። ከዚያ በኋላ ዕቅዱ ውስጥ ሁለት ነገር ገባ፤ ለመምህራን መኖሪያ የሚሆኑ ሁለት ክፍሎች፣ እንዲሁም መምህራን እንደሚመደቡ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከሚመለከተው ቢሮ መቀበል። ደብዳቤውን ለማግኘት ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሰናል። ማህተሙ ያረፈበት ዕለት ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ላሚኔት አስደረጉት።

መሠረቱ በጥር 2016 ተቆፈረ። ድንጋዩን ወጣቶቹ አመጡ፣ ውኃውን ሴቶቹ ተሸከሙ፣ ባሕር ዛፍ ያለው ባሕር ዛፉን ቆርጦ ሰጠ። በ2015 የነበረው ግምት ለስምንት መማሪያ ክፍል፣ ላብራቶሪ፣ ቤተ መጻሕፍትና ሽንት ቤት 14 ሚሊዮን ብር ነበር። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የፌሮና የቆርቆሮ ነጋዴዎች ዋጋ ጠይቀናቸው ማታ ላይ ሲደወልላቸው ሌላ ዋጋ ይነግሩን ነበር። የሚያስቅ ነገርም ሆነ፤ ውጭ አገር ያሉት ቃላቸውን ቶሎ ባለመክፈላቸው ስንነጫነጭባቸው ከርመን፣ ሲልኩት በብር ሁለት እጥፍ ሆኖ ደረሰ። ሊቀመንበሩ «ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘገየ ሰው መረቅኩ» አሉ። ቢሆንም ስምንት ክፍል የማይታሰብ ሆነ። አራት ክፍል እንሠራለን። ከቀረውስ ምኑ ይቀነስ?

በ2017 መስቀል ጉዳዩ ጀፎረው ላይ ቀረበ። ከኮሚቴው የሚበዛው ሽንት ቤቱና ላብራቶሪው ለጊዜው ይቅር፣ አጥርና የብረት በር ይቅደም አለ። በሩ ላይ የዋና ዋና ለጋሾች ስም ይቀረጻል። እኔ ላፕቶፔን አልያዝኩም ነበር፤ ያን ዓመት ለመናገርም ድፍረቱ አልነበረኝም። ሴቶቹ ዳር ላይ ተቀምጠዋል። አክስቴ ተነሣች። አክስቴ በስብሰባ ስትናገር ያን ቀን ነው ያየኋት።

«እኔ ልጄን ያስቀረኋት በር በሌለው ቤት ምክንያት ነው» አለች። «ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አሁን ደግሞ ሴት ልጅ ሜዳ የምትወጣበት ትምህርት ቤት ትሠሩልኛላችሁ? በር የምትገዙበት ብር ካላችሁ ለሽንት ቤቱ ግዙለት። ግቢው ይከፈት፤ ላምም ትግባበት።»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ሲያበቃ ግን የተከራከራት አልነበረም። የብረት በሩ ቀረ። ስድስት ክፍል ያለው የሴቶች ሽንት ቤት፣ እያንዳንዱ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ተሠራ። ላብራቶሪው አልተሠራም። ከመዝገቡም፣ ከእራቱም፣ ከውጭም ተደምሮ ከ9 ሚሊዮን ብር በላይ ወጥቶ፣ አራት መማሪያ ክፍል፣ አንዲት ጠባብ ቤተ መጻሕፍትና የመምህራኑ ሁለት ክፍሎች በመስከረም 2018 አለቁ። ዘጠነኛ ክፍል ጥቅምት ላይ ተጀመረ። የፊዚክስ መምህር እስከ ኅዳር አልመጣም፤ ላሚኔት የተደረገው ደብዳቤ ያለው ግን እኛ ጋ ነው፤ ሊቀመንበሩም ይዘውት እየተመላለሱ ነው።

«የአክስትሽ ልጅስ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ለእሷ አልደረሰም። ያን ዓመት ቤት ዋለች፣ የሚቀጥለውንም ዋለች። 2017 ሲገባ አሥራ ስምንት እንደሞላት ወደ ጅዳ ሄደች። ሰው ቤት ነው የምትሠራው። አንዳንዴ ማታ ሥራዋን ስትጨርስ በዋትሳፕ የድምፅ መልእክት ትልክልኛለች። ለትምህርት ቤቱም ሁለት ጊዜ ገንዘብ ልካለች። ለ2018 መስቀል ስትልክ «ስሜ ሲነበብ ከነአያቴ ይሁን፤ ሞክሼ አለኝ» ብላ አሳስባኛለች። ጎርናናው ሽማግሌ ከነአያቷ አነበበላት። አክስቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

ባለ ጫማዋ ልጅም አንድ ነገር ልበላችሁ። ስምንተኛን ጨርሳ ሁለት ዓመት ከተማ በኪራይ ተምራለች። ዘንድሮ ትምህርት ቤታችን ያለው ዘጠነኛ ብቻ ስለሆነ አሥራ አንደኛን እዚያው ከተማ ናት። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ ረጅም ግን አናወራም። የታናሽ እህቷ ግን ከእኛ ጋ ተመዝግባለች።

ባለፈው ሳምንት ክፍሎቹን በስልኬ ቀርጬ ለአክስቴ ልጅ ላክሁላት። ጥቁር ሰሌዳውን፣ ወንበሮቹን፣ ሽንት ቤቱን ከነመቆለፊያው። በዚህ ቪዲዮ ውስጥ ሰው የለም፤ ማንንም ሳልቀርጽ ነው ያነሣሁት። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ መለሰችልኝ። «በሩ ያምራል» አለች። ትንሽ ዝም ካለች በኋላ፣ «ውኃ ግን አለው?» ብላ ጠየቀችኝ።

የለውም። የቧንቧው መስመር ገና አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይቀረዋል። መዝገቡ ላይ ከየካቲት ጀምሮ ለእሱ አዲስ ገጽ ይከፈታል።